ላም ባለበት ቤት

— ሄሎ! … አቤት፣ የሰበታ ክሊኒክ ነው። … ማን ልበል? … ከሱሉልታ? … እኔው ነኝ፣ ነርስ ተረፈች ደቻሳ ማለት እኔ ነኝ። ያገናኙን እባክዎ።

— ሄሎ? … ሄሎ! … ቦጂያ! አንተ ነህ? … አካም ጅርታ፣ የኔ ወንድም? … ኧረ ጮክ በል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለህ ነው የምትመስለው። … አሁን ትሰማኛለህ? … እኔም እሰማሃለሁ። … ከአቶ ሀሰኖ ሱቅ ነው? እግዜር ይስጣቸው። … ገፈርሳ አልተመለስክም እንዴ? ግድቡን ማን እየጠበቀልህ ነው?

— ቆይ፣ እሱን ተወውና መጀመሪያ አባባን ንገረኝ። እንዴት አደሩ?

— ምንም አልተሻላቸውም? … ትኩሳቱ ያው ነው? … ይቃዣሉ? … ምን እያሉ? … ከብቶቹን እየጠሩ። አይ አባባ!

— መዋጥ ትተዋል ማለት ነው። … እየዋጡ ነው? … አንድም ሳያስቀሩ? … ቦጂያ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምላሳቸው ሥር ደብቀው ሲተፉት አላየህም? እዚህ ዶክተሩ ፊት እንኳ የመጀመሪያውን ሊተፉት ሲሉ እኮ ነው አፋቸውን የያዝኳቸው።

— አትቆጣ። ዋሸህ አልወጣኝም። … እሺ፣ ብያለሁ፣ ይቅር በለኝ። አዝዬ ያሳደግኩህ ሰው አንድ ቀን ባላምንህ ምን ትሆናለህ? … በዓይንህ አይተሃል። እማ ራሷ ናት የምታውጣቸው። እሺ፣ አመንኩ።

— እናቴ፣ እዚያ አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ፣ አሁን መጣሁ። … አንተን አይደለም፣ በሽተኛ ናቸው። ቀጥል።

— ምን አደረጉ? … ላሞቹን? … ላሞቹን አከፋፈሉ? … መቼ? … ዛሬ ጠዋት። ሽማግሌ አስቀምጠው።

— አለሁ፣ አለሁ። መስመሩ አልተቋረጠም። ተናዘዙ ማለት ነዋ!

— እና ለእኔ የትኛዋ ደረሰችኝ? … ያቺ የምትራገጠዋ? … ኧረ አባባ! ትኩሳት ላይ ሆነውም እኔን መተናኮል አይተዉም? … ሳቅ፣ ሳቅ፣ ግድ የለም። … ቦጄ? … እያለቀስክ ነው እንዴ? … አታልቅስ የኔ ጌታ። ሱቁ ውስጥ ሰው አለ። … እማም አብራህ አለች? የት? … ጨው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ። እሷ ፊት እንዳታለቅስ፤ ዞር በልና አፍንጫህን ጥረግ።

— እህ? … ልምጣ? … ዛሬውኑ? … እመጣለሁ። ሎንቺናው አዲስ አበባ ቢያደርሰኝ ከዚያ ወደ እናንተ የሚወጣ አንድ መኪና አላጣም። እመጣለሁ አልኩህ እኮ! ግን ለምን እንደምመጣ ንገረኝ። ለማስታመም ነው ለመቅበር?

— እንደሱ አትበል። … ንስሐ አባታቸው መጥተው ነበር? ጥሩ፤ ጸሎቱ ይቀጥል። መድኃኒቱ ይቁም ያለው ግን ማነው? … ጎረቤቱ ሁሉ? … «ለደማቸው አልተስማማም»? … እማስ ምን አለች? … «ተረፈች ሳትሰማ አላቆምም» አለች? … የኔ እናት! እሷን የፈጠረ አምላክ ይመስገን።

— ስማኝ፣ ቦጂያ። ይህ በሽታ ተስቦ ነው። ዶክተሩ አገላብጦ አይቷቸዋል፣ አንተም ቆመህ ነበር። ለተስቦ አሁን ከዚህ ካፕሱል የሚሻል የለም። በሁለት በሦስት ቀን ላብ በላብ አድርጎ ትኩሳቱን ጥሎት ይሄዳል። … እንዳልጣለው ሰማሁ እኮ! … ያረጀ መድኃኒት? አይደለም። አሥራት ነው ከአዲሱ ጠርሙስ ቆጥሮ የሰጠህ፤ የእኛ ፋርማሲ ሰው ያረጀ ነገር አይሰጥም።

— ማን? … ጋሽ ካሳሁን? … አዎ፣ ተነሥተዋል። የዶክተሩን ትእዛዝ ተቀብዬ የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም እንዴ? ያው ቀይና ቢጫው ካፕሱል ነው። … በሦስተኛው ቀን ቆሎ አምጡልኝ አሉ አሉኝ፤ ለሆሳዕና ቆመው አስቀደሱ።

— እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው! አጥራችሁ አንድ፣ በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ። … በዕድሜ ያንሳሉ እንዴ ጋሽ ካሳሁን ከአባባ? … ይበልጣሉ እንጂ! እኚያ የጎበጡ ሰውዬ ተነሥተው አባቴ ይቀራሉ?

— ቆይ … ሄሎ! … ኦፕሬተር፣ አይቁረጡብን እባክዎ! … ይጨምሩልን፣ ስለ እመቤቴ ይጨምሩልን፣ አባቴ ታመውብኝ ነው። … እግዜር ይስጥልኝ። … ቦጂያ፣ አለህ? … የት ነበርን?

— «ለደማቸው አልተስማማም»። እሺ፣ ደማቸው ውስጥ መግባቱን በምን አወቅህ? … ውጠዋል። መዋጥ ሌላ፣ ደም ውስጥ መግባት ሌላ ነው። … እንዴት ሌላ አይሆንም?

— በሥራህ ልንገርህ፣ ነገር በምሳሌ ነው። ገፈርሳ አሁን ውሃው ሙሉ ነው? … ሙሉ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ቧንቧ ቢዘጋ ቦኖ ላይ የተሰለፈችው ሴትዮ እንስራዋ ይሞላል? … አይሞላም። ውሃው ግን አልጠፋም፣ አንተ እየጠበቅከው ተኝቷል። ሆድም እንደዚያ ነው። ካፕሱሉ ሆድ ገባ ማለት ግድቡ ጋ ደረሰ ማለት ነው፤ ገና የማንም ቤት አልገባም። ሟሙቶ አንጀት ይወርዳል፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ቀጫጭን ደም ሥር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጉበት ይደርሳል … አዎ፣ ውሃውን እንደምታጣሩበት ቤት በለው። ከዚያ ልብ ተቀብላ ትገፋዋለች። እስከ ራስ፣ እስከ እግር ጥፍር።

— ራሳቸውን ለሚያማቸው በሆድ ምን አስዞረው? … አይ ቦጄ! ታዲያ ግንባራቸው ላይ ልለጥፍላቸው?

— መርፌማ ልክ ነህ። መርፌ ሆድን አይጠይቅም፣ በሥጋ ገብቶ ወደ ደም ነው። ግን አባታችንን ታውቃቸዋለህ። ከጅብ ሸሽተው የማያውቁ ሰው መርፌ ሲያዩ በመስኮት ሊወጡ አልነበረም? ዶክተሩ እየሳቀ አይደል ካፕሱል የጻፈላቸው? … እዚሁ ተኙ ስንላቸውም «ከብቶቼን ትቼ የሰው ቤት አላድርም» ብለው ያንኑ ዕለት ወደ ቤት አስመለሱህ።

— እሱን ተወውና የምጠይቅህን መልስልኝ። ያስታውካቸዋል? … አንድ ጊዜም? … ተቅማጥስ? … የለም። ከምግብ በፊት ነው የሚወስዱት፣ እንደነገርኩህ? … እህል ጭራሽ አይቀምሱም። … ሌላ ነገር ሰጥታችኋቸዋል? ሥር፣ ቅጠል፣ ኮሶ? … ማል። … እሺ።

— በምንድነው የሚውጡት?

— እኮ በምን? በደረቁ አይወርድ። በውሃ ብዬህ ነበር።

— … በምን አልክ?

— ድገምልኝ እስቲ። … በወተት። … ሁልጊዜ? … ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም፣ ሌሊትም … ትኩስ ወተት፣ በትልቁ ዋንጫ። … ውሃ የሚባል አፋቸው አልደረሰም።

— አሥራት! … አሥራት፣ ና እስቲ ቶሎ! … ስልኩን እንዳትዘጋ፣ ቦጂያ! … አሥራት፣ ካፕሱሉን፣ ቴትራሳይክሊኑን፣ በወተት ሲወስዱት ነው የከረሙት፤ አባቴ። … አይደል? … አይደል? … እኔም ይህን ብዬ ነው የጠራሁህ … ኧረ አምላኬ! … ስንት ሰዓት ይራራቁ? … ሁለት። … ቁጭ በል፣ እንዳትሄድብኝ።

— ቦጂያ! … ስማኝ፣ ስማኝ፣ መድኃኒቱ አልሰነፈም። አባባ ገና መድኃኒት አልወሰዱም! … አልወሰዱም ነው የምልህ! ይኸው አሥራት አጠገቤ ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ነው። … ወተት ውስጥ የጥጃ አጥንት የሚያጠነክር ነገር አለ፣ ኖራ ቢጤ። ያ መድኃኒት እሱን ካገኘ ይይዘውና አብረው ይጋገራሉ። ከዚያ የአንጀቱን ግድግዳ ማለፍ አይችልም። … ልክ ብለሃል! ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ቧንቧው አይገባም። … ከዚያማ ወዴት ይሄዳል፣ ወደ ጓሮ ነዋ! «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ይኸው ነው። መድኃኒት አለን ስንል ከረምን፣ ደማቸው ግን ጠብታ አላየም።

— ጋሽ ካሳሁንማ እንዴት እንደዳኑ አሁን ገባኝ። መቼ ነበር የታመሙት? … ሁዳዴ ላይ። ጋሽ ካሳሁን በሁዳዴ ቢሞቱ ይሞታሉ እንጂ ወተት በአፋቸው ይዞራል? … በምን ዋጡት ታዲያ? … በውሃ። እኮ! አባባ ደግሞ የታመሙት ከፋሲካ ወዲህ ነው። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። ጾም ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ድነው ነበር! … ምን ያስቅሃል? … እኔንም አሳቅከኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

— አንተ ግን በውሃ ይውሰዱ ብለህ ነግረሃት ነበር? … ነግረሃታል። ምን አለችህ? … «ስድስት ላም በሚታለብበት ቤት ለታመመ ባል ውሃ?» … አዎ፣ ትላለች። እናታችን ናት፣ ትላለች። ሱሉልታ ውስጥ ላም ያለበት ቤት ገብቶ ውሃ የተሰጠው እንግዳ እኮ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ነው የሚከርመው። እንኳን ለታመመ፣ እንኳን ለአባወራ! … ከምግብ በፊት ስትላትስ? … «ወተት ምግብ ነው እንዴ?» አለች። … እሷ ምን ታድርግ! ወተት ለእሷ ምግብም መጠጥም አይደለም። ምርቃቷ ነው።

— በል አሁን ሂድና ንገራት። … እንዴት አትችልም? … እኔ? … አንተ አጠገቧ ነህ፣ እኔ ተራራ ማዶ ነኝ። … እህ … እህ … ገባኝ። ወተትሽ ነው የከለከለው ማለት … አዎ። ዕድሜዋን በሙሉ እጇ ላም ጡት ላይ ላለች ሴት … ገባኝ፣ የኔ ወንድም። አልፈረድኩብህም። አቀብላት። … እሺ፣ ስጣት።

— ሄሎ? … ሃርሜ? … እማዬ፣ ገልብጠሽ ይዘሽው ነው። ገመዱ ያለበትን ወደ አፍሽ። … ቦጂያ፣ ያዝላት! … አሁንስ? … አካም ቡልቴ፣ እማ? … ፈያዳ፣ ፈያዳ፣ ደህና ነኝ። … ልጁም ደህና ነው፣ ጥርስ አወጣ። … በልቻለሁ። … በልቻለሁ አልኩሽ! … አልከሳሁም። ደግሞ መክሳቴ በስልክ እንዴት ታየሽ?

— ሰማሁ እማ፣ ቦጂያ ነገረኝ። … አይዞሽ። … አይዞሽ የኔ እናት። … ንገሪኝ፣ ጊዜ አለኝ። … ራስሽ እያለብሽ። … ሌላ ሰው እንዳይነካው ብለሽ። … ከዳለቲ? ከዚያች ወተቷ ከሚወፍር ላም? … ቅቤም ጣል አድርገሽበት። … ቅቤም! … አይ፣ ምንም አላልኩም፣ ቀጥይ። … ራሳቸውን በክንድሽ ደግፈሽ። … እስከ መጨረሻው ጠብታ። … ካንቺ ሌላ ማን እንደዚህ ያስታምማል፣ እማ።

— አሁን እኔ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። መጀመሪያ ቁጭ በይ። … ቁጭ ብለሻል። እሺ። … አባባ የሚድኑ ይመስለኛል።

— አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት። … ቆይ፣ ገና እልል አትበይ፣ አቶ ሀሰኖ ሌባ ገባ ብለው ይደነግጣሉ! … መማል አልችልም፣ እማ። እሱ የላይኛው ነው የሚያውቀው። ግን እስካሁን ያልተሻላቸው መድኃኒቱ ሥራ ስላልጀመረ ነው። ዛሬ ይጀምራል።

— ለምን አልጀመረም? … መንገድ ስላጣ ነው። … እንዴት ልበልሽ … መድኃኒቱና ወተቱ አብረው ሲገቡ ሆድ ውስጥ ይተቃቀፋሉ። … አዎ፣ ልክ ተጠፋፍተው እንደተገናኙ ዘመዶች፣ አንላቀቅም ይላሉ። ወደ ደም የሚያስገባው በር ደግሞ ጠባብ ነው፣ ተቃቅፎ አያሳልፍም። … ለየብቻቸው ከሄዱ ሁለቱም ያልፋሉ። ወተቱም ይገባል፣ መድኃኒቱም ይገባል።

— እማ? … እማዬ?

— አይደለም። … አይደለም! እንደሱ እንዳትዪ! … ማነው ገደልሽው ያለሽ? … ቦጂያ፣ ያዛት! … እማ፣ ስሚኝ። ወንድሜን ተይውና እኔን አድምጪኝ። ሰው እህል ሳይቀምስ ይህን ሁሉ ቀን ያንን ትኩሳት ተሸክሞ በምን ቆየ? በምን ይመስልሻል? … በወተትሽ ነው! ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ ቆጣ ብዬም አይደለም … እሺ፣ ቆጣ ብያለሁ። ነርስ ነኝ፤ በሽተኛ ሆዱ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚያልቅ እዚህ አያለሁ። መድኃኒቱ ሥራ ፈትቶ በከረመበት ጊዜ አባቴን በሕይወት ያቆየሽው አንቺ ነሽ። ካፕሱሉ አላቆያቸውም፣ ዶክተሩ አላቆያቸውም፣ እኔም እዚህ ሆኜ ምንም አላደረግኩም። አንቺና ዳለቲ ናችሁ።

— እንደገና ልበለው? … አንቺ ነሽ ያቆየሻቸው። … እውነቴን ነው። … አባባ ይሙቱ! … ኧረ በስንቱ እየማልኩ ነው፣ አይሙቱ! … እንኪ እንግዲህ፣ አሁን እኔንም አስለቀስሽኝ። … አሥራት፣ ፊትህን አዙርልኝ።

— ወተቱን አትከልክያቸው! በጭራሽ! ይጠጡ። ብቻ አይገናኙ። ካፕሱሉን በውሃ ትሰጫቸዋለሽ፣ ከዚያ ከብቶቹ ወንዝ ወርደው ጠጥተው እስኪመለሱ ያህል ቆይተሽ ወተታቸውን ታመጫለሽ። ወተቱን ከቀደሙትም ያው ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ትታገሺና ነው ካፕሱሉ። … እርጎም ያው ነው። … አይብም። … አጓትም፣ እማ! ከላም የወጣ ሁሉ። … ውሃውን አፍልተሽ ታቀዘቅዢዋለሽ። በወተቱ ዋንጫ አይደለም፣ በንጹሕ ብርጭቆ።

— ሰው ምን ይላል? … «ደጊቱ ባሏን ውሃ አጠጣችው» ይበል እንጂ! … እማ፣ ልጄ አዘዘችኝ በያቸው። ያቺ ሰበታ ሄዳ ፈረንጅ የሆነችው ልጄ በስልክ ጮኻ አዘዘችኝ በይ። እኔን ይሙኝ። … ከአባባ የኔ ስም ይጥፋ፣ ምን አለበት?

— እህ? … መድኃኒቱ የት እንደሚያማቸው በምን ያውቃል? … አያውቅም እኮ። ምንም አያውቅም። ደም የሄደበት ሁሉ ይሄዳል። … ደህና ወደሆነውም ቦታ፣ አዎ። ወደ ትንሿ ጣትም፣ ወደ ጆሮም። ቤት ለቤት ይዞራል፣ በሽታው ያለበት ቤት ሲደርስ እዚያ ይይዘዋል። … አይደክመውም? ይደክመዋል እንጂ! ኩላሊት እያጠበ ያስወጣዋል፤ ለዚያ ነው በየስድስት ሰዓቱ ሌላ የምትልኪለት። አንዱን ብታሳልፊበት የቀረው ብቻውን አይችልም። … እንደ ደቦ? … እንደ ደቦ! ልክ ነሽ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል። … አሥራት፣ እናቴን ብትሰማት! አንተ ይህን ያህል ዓመት ተምረህ እንደዚህ አላስረዳኸኝም። … ይስቃል፣ እማ። ሰላም በያት እያለኝ ነው።

— ካፕሱሉ ስንት ቀርቷል? … ሁለት ብቻ? … ግድ የለም፣ ዛሬውኑ ሌላ ይዤ እመጣለሁ፣ አሥራት እየቆጠረልኝ ነው። እኔ እስክደርስ ግን እነዚያ ሁለቱ እንዳይባክኑ። ይህን ያህል ቀን በከንቱ ሄዷል፣ አባባ ከእንግዲህ የሚባክን አንድም የላቸውም። … ከማለዳው ወዲህ ወተት ቀምሰዋል? … አልቀመሱም። ጥሩ፣ በጣም ጥሩ። የሚቀጥለው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ አይደል? እሱን በውሃ ትጀምሪላቸዋለሽ።

— አሁን? … አሁንማ … ስድስት ሊሞላ ነው። … እማ፣ አንቺ ግን እዚያ ሱቅ ነሽ። የቀትሩን ማነው የሚሰጣቸው? … ቤት የምታግዝሽ ልጅ፣ ገለቴ። … ምን ብለሻት መጣሽ? … ወተቱን አልበሽ … አፍልተሽ፣ አልብሰሽ … ካፕሱሉን አጠገቡ አስቀምጠሽ …

— እማ? … ሄሎ? … እማዬ! … ምንድነው የወደቀው? … ሄሎ! ሄሎ!

— ማነው? … አቶ ሀሰኖ! ምን ሆነች? ወደቀች? … ሮጠች? … ማን፣ እናቴ? … እናቴ እኮ ከሮጠች እኔ ሳልወለድ ነው! … ቦጂያስ? … ተከትሏታል። … አልደረሰባትም?

— እየጮኸች ነው? … ምን እያለች? … እባክዎ በሩን ከፈት አድርገው ይስሙልኝ። … እጠብቃለሁ። … እህ? … «ገለቴ! አነን ሂን ኬኒን!» … እንደዚያ ነው የምትለው? … መንገዱን ሙሉ?

— አላበደችም፣ አቶ ሀሰኖ። «ገለቴ፣ ወተቱን አትስጪው» ነው የምትላት። … ኦሮምኛውንማ እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ ለራሴ ነው የደገምኩት። … እናቴ በዕድሜዋ ለማንም ፍጡር ወተት አትስጡ ብላ አታውቅም። … ለማንም። … ለጠላት እንኳ። … አላለቅስም። … እሺ፣ እያለቀስኩ ነው።

— ቤቱ ሩቅ ነው፣ አቶ ሀሰኖ፤ ድምፅዋ ላይደርስ ይችላል። ስልኩን ይዝጉትና እርስዎም ወጥተው አብረዋት ይጩሁልኝ።